የሙሽሮቹ ፎልደር

"እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ" አለች ፈይዛ።

አካሉ ሁለቱንም እጆቹን እንደተማረከ ሰው ወደ ላይ አነሳና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገው። ፈይዛ በትከሻው በኩል አጎንብሳ ስክሪኑን ተመለከተች። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ከላይ ወደ ታች ሲንዠቀዠቁ ቆይተው አሁን ቆመዋል። የመጨረሻው መስመር ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው የተጻፈው?"

"ለፕሪንተሩ የሚያስፈልገውን ከፍላሹ እየጫነ ነበር። ጨርሷል።"

"ወደ ውጭ የላከው ነገርስ የለም?"

"በምን ይልካል? ኢንተርኔት የሚያገኘው ካንቺ ስልክ ነው። ስልክሽን ደግሞ ጠዋት ራስሽ አጥፍተሻል።"

እውነቱን ነው። ስልኳ ጠፍቶ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋም ብብቷ ስር ነው። እንዲያም ሆኖ ፈይዛ መልሱ አላሳረፋትም። ሰውዬው ለሁሉም ነገር ፈጣን መልስ አለው። ፈጣን መልስ ያለው ሰው አስቀድሞ ያሰበበት ነው ብላ አሰበች።

የፈይዛ ፎቶ ቤት መካነ ሰላም ውስጥ ሴት ብቻ የምታነሳበት ቤት ነው። ከባሏ ከተለያየች በኋላ በአንድ ካሜራና በአንዲት ጠባብ ክፍል የጀመረችው ሥራ ዛሬ ከወግዲና ከማሻ ድረስ ሙሽሮች በመኪና ተጭነው የሚመጡበት ሆኗል። ከፊት ለፊት የጉርድ ፎቶና ፎቶ ኮፒ አለ፤ እዚያ ማንም ይገባል። ከወፍራሙ መጋረጃ በስተጀርባ ያለችው ክፍል ግን ለሴቶች ብቻ ናት። ሙሽሮቹ እዚያ ሂጃባቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቀው፣ ሂና እስከ ክርናቸው የወጣበት ክንዳቸውን ሳይሸፍኑ ይነሳሉ። ፎቶው ለባላቸውና ለእናታቸው ነው። ክርስቲያኖቹም ቢሆኑ ወንድ በሌለበት መነሳቱን ወደውት ይመጣሉ። ፈይዛ የምትሸጠው ወረቀትና ቀለም አልነበረም። "ከፈይዛ ቤት ምንም አይወጣም" የሚለውን ወሬ ነበር የምትሸጠው።

ያ ወሬ ባለፈው ሳምንት ተሰበረ። ከወር በፊት የተዳረችው የራሕማ የሠርግ ፎቶ፣ ያውም ፀጉሯን ለቃ የተነሳችው፣ በወንዶች ስልክ ላይ መታየቱ ተሰማ። ፈይዛ ፎቶውን በዓይኗ አላየችውም። አሳዩኝ ብትል ከሚያዩት ጋር የምትቀላቀል መሰላት። ሰምታ ብቻ ደነገጠች፤ ደንግጣም ቤቷን ዘግታ ማሰብ ጀመረች። ኮምፒውተሩን ከእሷ ሌላ የነካው ማነው? ብዙም ማሰብ አላስፈለጋትም። ከራሕማ ሠርግ በኋላ ፕሪንተሩ እምቢ ሲል የቴክኒክና ሙያ መምህሩን አካሉን ጠርታው ነበር። እሷ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ጓዳ ስትገባ እሱ ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻውን ቀርቷል። የቄስ ቃለ ክርስቶስ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው ይሉታል። ጨዋነቱ ያን ጊዜ አስተማምኗት ነበር፤ አሁን ግን እሱም አጠራጠራት።

መንገድ ተሻግራ ለልብስ ሰፊዋ ለእታገኘሁ የነገረቻት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። "ያንን ኮምፒውተር የነካ ወንድ አካሉ ብቻ ነው" አለቻት። እሱ ነው አላለችም።

ከዚያ አካሉን ጠራችው። ቫይረስ ገብቶበታልና ጠራርገህ ሌላ ጫንልኝ ብላ። ቫይረስ መኖሩ ውሸት አልነበረም፤ የደንበኛው ሁሉ ፍላሽ የሚሰካበት ማሽን ነው። ዋናው ሐሳቧ ግን ሰውዬውን አጠገቧ አስቀምጦ እጁን ማየት ነበር። እሱ ደግሞ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ልጫንልሽ አላት። "ነጻ ነው፤ ቫይረስም እንደዚህ በቀላሉ አይደፍረውም።" ነጻ የሚለው ቃል ራሱ አስጠረጠራት። በዚህ ዘመን ምን ነጻ ነገር አለ? መጫኑ ትናንት ከሰዓት አለቀ። ፎቶዎቹ ያሉበትን ሀርድ ዲስክ ቤቷ ይዛው አደረች። ዛሬ የቀረው አዲሱን ሲስተም ለሥራ ማዘጋጀት ነበር፤ ያም ከጠበቀችው በላይ ረዘመ።

"አሁን ዋናውን ፓስወርድ ትቀይሪያለሽ" አለ አካሉ። "ትናንት ስጭን ያስገባሁት ጊዜያዊ ነው። እኔ ወጥቼ በረንዳው ላይ እቆማለሁ።"

"ለምን ትወጣለህ?"

"እንዳላየው።"

"ስትወጣ የምትሠራው ነገር አለ?"

አካሉ ፈገግ ሊል ፈልጎ ተወው። "እሺ፣ እዚሁ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።"

ዞረና የጉርድ ፎቶ ናሙናዎቹን ማየት ጀመረ። ፈይዛ ተቀምጣ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ነካች። ምንም አልተጻፈም። ጠንከር አድርጋ ነካች። አሁንም ምንም የለም፤ ሰረዟም ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

"አይጽፍም እኮ!"

"ይጽፋል። አያሳይሽም እንጂ።"

"ኮከብ እንኳን የለም። ባንክ ላይ ሲጻፍ ኮከብ ይወጣል። የኔ የት ሄደ?"

"ይሄኛው ኮከብም አያወጣም። ከጀርባሽ የቆመ ሰው ፊደሉ ስንት እንደሆነ እንኳን እንዳይቆጥር ነው። ዝም ብለሽ ጨርሺና ማስገቢያውን ተጫኚ። ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ ይጠይቅሻል።"

ወደ ባዶ ጨለማ እየጻፈች እንደሆነ ተሰማት። የምታስገባው ቃል ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀበለው አታውቅም። ሁለተኛውን ስትጽፍ ጣቷ ተሳሳተ፤ ማሽኑ አይመሳሰልም አላት። ሦስተኛው ላይ ተቀበላት። አካሉ እስክትጠራው ድረስ ከግድግዳው አልዞረም። ይህም መታመኑን አልጨመረለትም። ያላየ መስሎ ማየት የሚችልበት መንገድ ይኖር ይሆን እያለች የናሙናዎቹን መስታወት ሰረቅ አድርጋ አየች። የሚያንጸባርቀው የመንገዱን ብርሃን ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ሰዓቱን አየችው። ግድግዳው ላይ ያለው ሦስት ሰዓት ይላል፣ ኮምፒውተሩ ስድስት።

"ይሄስ?"

"ሲስተሙ ገና የት አገር እንዳለ አያውቅም። የለንደንን ሰዓት ነው የያዘው። አዲስ አበባ በይው ያስተካክላል።"

"ሰዓቱ ከተዛባ እኮ አንድ ፎቶ መቼ እንደተከፈተ ማንም ሊያውቅ አይችልም።"

አካሉ ቀና ብሎ አያት። "ልክ ነሽ" አለ ዝግ ብሎ። "ለዚህም ነው መስተካከል ያለበት።" አዲስ አበባን መረጠ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የአማርኛ ፊደሉን ጫነ፤ እሷ "ቢስሚላህ" ብላ ጽፋ ሞከረችው። አንድ የጉርድ ፎቶ አወጡ፤ ፕሪንተሩ ጮኾ ታዘዘ። ይህን ሁሉ ስትከታተል ከቆየች በኋላ ሌሊቱን ስታብሰለስል ያደረችውን ጥያቄ አወጣች።

"እዚህ ማሽን ውስጥ መግባት የሚችለው ማን ማን እንደሆነ ስማቸውን አሳየኝ።"

"አንቺ ብቻ ነሽ።"

"ስም ዝርዝር የለውም? አሳየኝ።"

አካሉ አንድ መስመር ጻፈ። ስክሪኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ በስም ተሞላ። ፈይዛ ከራሷ ሌላ አንድም ስም አልጠበቀችም፤ ከጠበቀችም የአካሉን ነበር። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዋ እየተንተባተበች አነበበች።

"ሩት... ዴመን... ጌምስ... ሜይል... ባክአፕ... ያ ረቢ! እነዚህ ሁሉ ማን ናቸው?"

"ሰዎች አይደሉም። ሲስተሙ ራሱ ሥራ የሚያከፋፍልባቸው ስሞች ናቸው። አንዱ የደብዳቤውን፣ አንዱ የፕሪንተሩን ይይዛል። ሁሉም ሊኑክስ ላይ አሉ።"

"ኖባዲ ይላል። ኖባዲ ማንም ማለት አይደል?"

"አዎ፣ ማንም።"

"ማንም ኮምፒውተሬ ውስጥ ምን ይሠራል?"

አካሉ አሁን ሳቀ። ብቻውን እየሳቀ መሆኑን ሲያይ ግን አልቀጠለም። "ምንም ሥልጣን እንዳይኖረው የሚፈለግ ሥራ በእሱ ስም ይሠራል። ሩት ዋናው ነው፤ እሱም ካንቺ ፓስወርድ ውጭ አይነካም። ሌሎቹ በር የሚከፍቱበት ቁልፍ የላቸውም። መስመሩ መጨረሻ ላይ ኖሎጊን የሚለውን እይ፤ መግባት አይችልም ማለት ነው።"

አንድ በአንድ እንዲያሳያት አደረገችው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ስሞቹን እስከ መጨረሻው ወረደች። የእሷ ስም ከታች አለ። የአካሉ ስም የለም። ባለመኖሩ እፎይ ማለት ሲገባት፣ ከእነዚህ ከማታውቃቸው ስሞች በአንዱ ተሸሽጎ ይሆን ብላ ደግሞ ታወከች።

ሀርድ ዲስኩን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰካች። ፎቶዎቹ ወደ አዲሱ ሲስተም ተገለበጡ። አካሉ ለሙሽሮቹ ፎቶ የተለየ ፎልደር እንድትሠራ ነገራትና እንዴት ከእሷ በቀር ለሁሉም እንደሚዘጋ አሳያት። ማስረጃ እንዲሆናት "እንግዳ" የሚል ስም ከፍቶ በእንግዳው ስም ገባና ፎልደሩን ነካው። ማሽኑ አልተፈቀደልህም አለው።

"አንተ ብትፈልግ ግን ትከፍተዋለህ" አለች ፈይዛ።

"ዋናው ፓስወርድ ያለው ይከፍተዋል። እሱ ደግሞ ካንቺ ጋ ነው።"

"አሁንስ። ያን ጊዜስ?"

"የትኛው ጊዜ?"

መልስ ሳትሰጠው በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

"አሰላሙ አለይኩም።"

የራሕማ ወንድም ባህሩ ነው። በወረኢሉ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ወጣት ነው። ፈይዛ ሰላምታውን መለሰች። እሱ ግን ዓይኑን አካሉ ላይ ተክሏል።

"ይሄ ነው?" አለ።

ፈይዛ አዎም አይደለምም አላለችም። ያልተጣመመውን መጋረጃ ታስተካክል ጀመር።

"ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ?" አለ አካሉ።

"የእህቴን ፎቶ የወሰደውን ሰው።"

"የትኛውን ፎቶ?"

"አታውቅም? ከተማው ሁሉ ሲያውቅ አንተ አታውቅም?" ባህሩ ድምፁን አልጨመረም፤ ዝግ ብሎ መናገሩ ይበልጥ ያስፈራል። "እዚህ ሰው ቤት አልነካህም። አባትህ የተከበሩ ሰው ናቸው። ከዙሁር በኋላ ሽማግሌ ይዘን እሳቸው ጋ እንመጣለን፤ እሳቸው ፊት ትናገራለህ። ከእኛ ሰፈር የሚመጣው ሁሉ ግን እንደኔ ታጋሽ አይደለም።"

ወጣ። የመኪናው በር ሲዘጋ የፎቶ ቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ።

አካሉ ዓይኑን ከበሩ ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ጠዋት ያላስተዋለውን ነገር ሁሉ አሁን አንድ በአንድ እያስተዋለ ይመስላል። ኪቦርዱን፣ የጠፋውን ስልክ፣ ብብቷ ስር ያለውን ቦርሳ አየ።

"ለዚህ ነው የጠራሽኝ?"

"ኮምፒውተሩን የነካው ወንድ አንተ ብቻ ነህ" አለች ፈይዛ። ድምጿ እንዳሰበችው አልጠነከረም።

"ለማን ነው እንዲህ ብለሽ የነገርሽው?"

ፈይዛ ወደ መንገዱ ማዶ አየች።

"አባቴ ልባቸው ደካማ ነው" አለ አካሉ። "ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆሞ ልጅህ የሰው ሚስት ፎቶ በትኗል ሲላቸው ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ምንም አይሉም። ነገ ቅዳሴ አይገቡም፤ እሱ ነው የሚሆነው።"

ፈይዛ ተነስቶ ይሄዳል ብላ ስትጠብቅ እሱ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አቀረበ።

"ሁለት ነገር ቀርቷል" አለ። "ስሚኝ፣ የማደርገውን እየነገርኩሽ ነው የማደርገው። እንግዳ የሚለውን ስም አጠፋለሁ። ይኸው ጠፋ። ከሩቅ ሆኖ ወደ ማሽኑ የሚያስገባውን አገልግሎት እዘጋለሁ። ይኸው፣ ቆሟል ይላል፤ አንብቢው።"

አነበበችው። ቆሟል ይላል።

አካሉ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከመክተቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። "ብትፈልጊ አስቀሪው። ከወጣሁ በኋላ ዋናውን ፓስወርድ እንደገና ለውጪ። አላየሁትም፤ አንቺ ግን እንዳየሁት አድርገሽ ለውጪው። እንደዚያ ነው የሚሻለው።"

ሂሳብም አልጠየቀም። ሲወጣ እንዳይሰናከል እንደሚጠነቀቅ ሰው የበሩን ደፍ ዝቅ ብሎ አይቶ ተሻገረውና በቁልቁለቱ መንገድ ወደ አባቱ ሰፈር ሄደ።

ፈይዛ እንዳላት ፓስወርዱን ለወጠች። በዚህኛው ዙር ጣቷ አልተሳሳተም። ማሽኑ ጸጥ ብሎ ተቀበላት፤ በቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የማይከፍተው ነገር ኖራት። ይህንን ነበር የፈለገችው። ደስታው ግን አልመጣም። እንደ ታመመ ጥርስ ውስጧን የሚነዘንዛት ነገር አለ። አካሉ ሌባ ቢሆን ኖሮ፣ ሌባ መባሉን እያወቀ እንዴት በሯን አጠናክሮ ዘግቶላት ይሄዳል? ደግሞ ወዲያው ራሷን ተከራከረች። ብልጥ ሌባ እንደዚያ አያደርግም? ሁለቱም ሐሳቦች እኩል ያስኬዳሉ። መጠርጠር አንዴ ከጀመረ የሚያቆምበት ቦታ የለውም።

የዙሁር አዛን ተሰማ። ሰግዳ ስትመለስ አንዲት ሴት በመጋረጃው ጀርባ፣ ሙሽሮች በሚቀመጡባት ክብ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘች። የራሕማና የባህሩ እናት ብርሀንነሽ ነበሩ። ሻሻቸውን እስከ አፍንጫቸው ሸፍነዋል።

"ብቻሽን ነሽ ልጄ?"

"ብቻዬን ነኝ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ራሴ መምጣት ነበረብኝ። የራሕማ ነገር..."

"ተይው፣ ተይው። ፎቶውን አይተሽዋል?"

"አላየሁትም። ማየት አልፈለግሁም።"

ብርሀንነሽ ከጉያቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ አወጡ። ስክሪኑን ሁለት ጊዜ ሳቱት። በመጨረሻ ከፍተው ሰጧት።

ፈይዛ አየችው። በመጀመሪያ የሞያ ዓይኗ ነው ያየው። ራሕማ ፀጉሯን በአንድ ትከሻዋ አውርዳ ትስቃለች፤ ፎቶው የእሷ ነው፣ ብርሃኑን ያስተካከለችው እሷ ናት። ነገር ግን ፎቶው ትንሽ ዘሟል። በራሕማ ግንባር በኩል ነጭ የብርሃን ግርፋት አለ። ማዕዘኑ ላይ ደግሞ የአልበሙ ወርቃማ ጠርዝ ገብቷል። የታችኛው ጥግ ላይ የአውራ ጣት ጫፍ ይታያል፤ ጥፍሩ በሂና ቀልቷል።

"ይሄ ከኮምፒውተር የወጣ አይደለም" አለች። ድምጿ ለራሷም የሩቅ ሆኖ ተሰማት። "የአልበሙ ላስቲክ ነው እንዲህ የሚያበራው። አልበሙ ተገልጦ በስልክ የተነሳ ነው። አልበሙ ደግሞ..."

"እኛ ቤት ነው" አሉ ብርሀንነሽ። "ጣቱ የኔ ነው ልጄ።"

ፈይዛ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እህቴ ጂዳ ናት። ለሠርጉ አልመጣች፣ አለቀሰችብኝ። አንዷን ገልጬ አነሳሁና ላክሁላት። እሷ እንድታይ ብቻ ነበር ወላሂ። ልጇ ከእናቱ ስልክ አየ፣ ወሰደ፣ ላከ። ትናንት ደውላ ነገረችኝ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።"

"ባህሩ ያውቃል?"

"አያውቅም! አላህ ይጠብቀኝ። የራሕማ አማት ነገሩን ከሰማች ጀምሮ እሳት ለብሳለች። የገዛ እናቷ ናት የበተነችው ከተባለ ልጄን ይፈቱብኛል። ገና ወሯ ነው።"

"ባህሩ ቄስ ቃለ ክርስቶስ ቤት ሊሄድ ነው። ሽማግሌ ይዞ። አሁን።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው የሮጥኩት።" ብርሀንነሽ የፈይዛን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። "አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ኮምፒውተሩ ነው በይ። ቫይረስ ገብቶበት ነበር፣ በራሱ ነው የላከው፣ አሁን አስጠርጌዋለሁ በይ። የማሽን ጥፋት ማንንም አያዋርድም። ልጁም ይድናል፣ ልጄም ትድናለች።"

ፈይዛ ወደ ኮምፒውተሩ አየች። አዲስ የታጠበ ሳህን ይመስል ባዶና ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃታል።

"ማሽኑ የኔ ነው እትዬ" አለች። "ማሽኑ በተነው ካልኩ ነገ እዚህ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሙሽራ የለችም።"

"እንግዲያውስ ዝም በይ። የተባለው እንደተባለ ይቆይ። ልጁ ወንድ ነው፤ ይናገሩታል፣ ይክዳል፣ ይረሳል። የሴት ልጅ ስም እንደዚያ ነው?"

የብርሀንነሽ ዓይኖች የለመኗት እንደ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጇ ልትወድቅባት እንደሆነ እናት ነበር። ፈይዛን ያስፈራትም ይሄው ነው። ዝም ማለት ቀላል ነበር። ጠዋት ባህሩ ሲጠይቃት ዝም ብላለች፣ ያኔም ቀላል ነበር። አንድ ቃል ሳይወጣት ሰውዬው ተፈርዶበት ወጣ። ጥርጣሬዋ ውሸት መሆኑን አሁን ታውቃለች፤ ከእንግዲህ ዝም ብትል ግን ጥርጣሬ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

ሂጃቧን አስተካክላ ተነሳች።

"የት ልትሄጂ ነው?" አሉ ብርሀንነሽ።

"እታገኘሁ ጋ።"

"ስሜን ልትጠሪ?"

"የእርስዎን ስም አልጠራም፣ አብሽሩ። የአካሉን ግን እጠራለሁ።"

የእታገኘሁ ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ነው። ለልክ የመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች፣ እታገኘሁ ሜትሯን ወገቧ ላይ ጠቅልላለች።

"እታገኘሁ" አለች ፈይዛ፣ በሩ ላይ ሆና። "ያን ቀን ስለ አካሉ የነገርኩሽን አንሺው። ተሳስቻለሁ። ፎቶው ከእሱ እጅ አልወጣም።"

እታገኘሁ ሜትሩን ለቀቀችው። "ኧረ በአላህ! እኔ እኮ ለማንም..." ሴቶቹን አየችና አቋረጠች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ታዲያ ከማን ወጣ?"

"አልናገርም።"

"ካልተናገርሽ ካንቺ ነው እኮ የሚሉት። እሱን ካወጣሽ የሚቀረው ማን ነው? አንቺ ብቻ።"

"ይበሉ።"

ማለቷ ለራሷም ገረማት። ብዙ ዓመት ያቆመችው ቤት በዚያ አንድ ቃል የወደቀ መሰላት። ሴቶቹ ተያዩ። ቆማ የነበረችው ዘርግታ የቆየችውን እጅ ቀስ ብላ አወረደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሠርግ እንዳላት ፈይዛ ታውቃለች፤ ቀጠሮ ይዛለች።

"ባህሩ ያውና" አለች እታገኘሁ በመስኮቱ እያየች። "ከመስጊድ ወጥተዋል።"

ባህሩ ከጭነት መኪናው አጠገብ ቆሞ ሁለት ሽማግሌዎችን ወደ ጋቢናው ያስወጣ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ በትሩን አስቀድሞ አቀበለና እግሩን እያነሳ ነው።

"አብሽሪ፣ እኔ ልጥራልሽ" አለች እታገኘሁ። "በጓሮ በኩል አስገባዋለሁ። ቀስ ብለሽ፣ ሰው ሳይሰማ ትነግሪዋለሽ። ሴት ልጅ መንገድ ላይ ወንድ ትጠራለች እንዴ?"

ጥሩ ሐሳብ ነበር። በጓሮ የተነገረ ነገር በጓሮ ይቀራል፤ ባህሩ ይሰማል፣ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፣ አካሉ ለምን እንደተተወ የሚያውቅ አይኖርም። በከተማው አፍ ግን ጠዋት የነበረው ሰው ሆኖ ይቀራል። ፈይዛ ወደ ጓሮው በር አየች። ከዚያ መንገዱን አየች፤ ከመስጊድ የሚወጣው ሰው፣ የሻይ ቤቱ በረንዳ፣ ሰው እስኪሞላላቸው ተራ የሚጠብቁት ባጃጆች። ማዶ በገዛ በሯ ላይ ብርሀንነሽ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

የመኪናው ሞተር ተነሳ።

ፈይዛ ከደፉ ወርዳ መንገዱ መሐል ገባች። የወንድ ስም በአደባባይ ጠርታ አታውቅም፤ ድምጿ ምን ያህል እንደሚሄድም አታውቅም ነበር።

"ባህሩ!" አለች። የሻይ ቤቱ በረንዳ ዞረ። "ባህሩ፣ አጥፋው ሞተሩን! አካሉ አይደለም!"